በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ግን በማን?

(ከዚህ በታች የምታነቡት አንድ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ፣ ለሙያ ባልደረቦቹና ለጋዜጣ አንባቢዎች ያደረገው ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)



አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። የተጻፈ ነገር ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ማለታቸው ነው። የእኛ ትውልድ ግን ይህን ተረት በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት የተወረሰበትን አገር ሰው «ይወረሳል» ብትሉት ትዝ የሚለው ልጁ አይደለም፤ ቀበሌው ነው። ጋዜጠኛ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀትና ወረቀቱን ጠቅልሎ የሚወስደው ሰው ነው ትዝ የሚለው።

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ አጭር ነው። መንግሥት በመጥሪያ፣ በማዘዣ ወይም በብርበራ ከእጃችን የወሰደውን ሰነድ ፍርድ ቤት «መልስ!» ብሎ ማዘዝ ይችላል ወይ? ከቻለስ፣ ሲመለስ ምኑ ነው የሚመለሰው?

ቀድሜ ልናገር፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ያለችኝ አንዲት ዲፕሎማ ናት፤ እሷም የሕግ አይደለችም። ነገር ግን የራሴ ወረቀት ተወስዶ ሄዶ መጥቷል። ስለዚህ ስለ ነገሩ የመናገር መብት በልምድ አግኝቻለሁ ብዬ ነው የቆምኩት።

የማዳበሪያው ከረጢት

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኡራኤል ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አንድ ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዩኒፎርም ለብሷል። ከየትኛው ጣቢያ እንደመጡ አልናገርም፤ ዛሬ የመጣሁት ሰው ለመክሰስ አይደለምና። የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘዋል። ማዘዣው የሚለው ቀደም ብሎ ታትሞ የወጣ አንድ ጽሑፌን ረቂቅ ፈልጋችሁ ያዙ ነው። ረቂቁን ራሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልቋል ብዬ ነበር። ለካ ገና መጀመሩ ነው።

ሦስት የማስታወሻ ደብተሮቼን፣ አንድ ፖስታ ሙሉ ፎቶግራፍ፣ ከግድግዳው ላይ ዲፕሎማዬን፣ ይባስ ብለው የአከራዬን ልጅ የሰባተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ደብተር ወሰዱ። ልጅቱ እኔ ክፍል እየመጣች ታጠና ነበር። «ኧረ ይሄ የልጅ ደብተር ነው» ስላቸው፣ አንደኛው «በእጅ የተጻፈ አይደል?» አለኝ። ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀው ወሰዱት። ዝርዝር የለ፣ ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። እኔም ደንግጬ አልጠየቅሁም።

በአራተኛው ቀን በመታወቂያ ዋስ ተለቀቅሁ። «ወረቀቶቼስ?» ብዬ ስጠይቅ መርማሪው ቀና ብሎ አየኝና «ምን ወሰድንብህ? ዝርዝር አለህ?» አለኝ። ወገኖቼ፣ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የተወለደው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ከደብተሮቹ በሁለተኛው ውስጥ የአንድ ሰው ስም ነበር። ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያልተጣራ ነገር እንዳልጽፍ ብሎ፣ አምኖኝ፣ ቡና እየጠጣን አንድ ሰነድ የት እንዳለ ነግሮኛል። ከእኔ መያዝ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ሰውየው ጋ በኋላ እመለሳለሁ።

ወረቀት ከእጃችን የሚወጣባቸው ሦስት በሮች

አንደኛው በር መጥሪያ ነው። ፍርድ ቤት «ይህን ሰነድ ይዘህ ቅረብ» ብሎ ያዛል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 145 መሠረት ችሎት በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ሰነድ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይችላል። ይህ በር ደግ በር ነው። ለምን? የተጠየቀውን ወረቀት ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ቤታችሁ ሆናችሁ ታነቡታላችሁ፤ ቅጂ ታስቀራላችሁ፤ ተቃውሞ ካላችሁም ሳትሰጡ በፊት ትናገራላችሁ።

ሁለተኛው በር ብርበራ ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ መናገር ብሎ ነገር የለም። መጀመሪያ ይወሰዳል፤ ክርክሩ በኋላ ነው።

ሦስተኛው በር ደግሞ የማይታይ በር ነው። ወረቀታችሁ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ በባንክ፣ በስልክ ድርጅት፣ በአሠሪ። እናንተ ሳታውቁ ይጠየቃል፣ ይሰጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ፖሊስ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ከባንክ፣ ከግል ድርጅትም ሆነ ከግለሰብ መረጃ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቶ ተሽሯል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ምን ያህል ወረቀት እንደወጣ የወረቀቱ ባለቤቶች እንኳ ቆጥረው አይጨርሱትም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «በእኛ አገር ስለዚህ ነገር ሕግ የለም» ይላል። ስሕተት ነው። ሕግስ አለ፤ ያውም የቆየ። በ1954 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን የወጣውና ሥርዓት ሲለዋወጥ ከስልሳ ዓመት በላይ ችሎቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 32ና 33ን አውጥታችሁ አንብቡ።

ቁጥር 32 ፖሊስ ያለ ማዘዣ ቤት መፈተሽ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ያጠብባቸዋል። ወንጀለኛ እየተባረረ ቤት ከገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ከጣለ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ተሸሽጓል ተብሎ፣ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ከዚያ ውጭ ማዘዣ ያስፈልጋል።

ቁጥር 33 ደግሞ የእኛ የጋዜጠኞች የጸሎት መጽሐፍ መሆን የነበረበት ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ነገር ለይቶ መጥቀስ አለበት። ከተጠቀሰው ነገር ውጭ መርማሪው ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። የተያዘው ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል፤ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርምበታል። የተያዘው ነገር ለፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀርብ በደህና ቦታ ይቀመጣል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

በእኔ ቤት የሆነውን በዚህ ሚዛን መዝኑት። ሰዓቱ ደህና፤ ማዘዣው ደህና። ረቂቁ በማዘዣው አለ፤ ደብተሩ የለም፣ ዲፕሎማው የለም፣ የልጅቱ ደብተርማ ጭራሽ! ዝርዝር የለም፤ ገለልተኛ ሰው የለም። አከራዬ በረንዳ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ «ይፈርሙ» ያላቸው ግን የለም።

በላዩ ላይ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ አካልና ንብረት ያለ አግባብ እንዳይመረመር፣ በይዞታው ያለው ንብረትም እንዳይያዝ ይጠብቃል። የግል ጽሑፍና ደብዳቤ እንደማይደፈሩም ይናገራል። ባለሥልጣን ይህን መብት እንዲያከብርና እንዲያስከብር ግዴታ ይጥልበታል። መብቱን መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ይህንኑ ለይቶ በሚፈቅድ ሕግ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርድ ቤት ማስመለስ ይችላል?

ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። እኔ በበኩሌ መልሱ «አዎን፣ ይችላል» ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴንም ላስረዳ።

የተያዘው ነገር የሚቀመጠው ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ነው ካልን፣ ዕቃው የመርማሪው አይደለም ማለት ነው። መርማሪው አደራ ጠባቂ ነው። አደራውን የሚጠብቀው ለፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ «ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም፣ ለባለቤቱ ስጠው» የማለት ሥልጣን ከፍርድ ቤቱ ሌላ የማን ሊሆን ነው? ማዘዣውን የጻፈው እጅ ማዘዣው ሲጣስ ማየትና ማቃናት ካልቻለ፣ ማዘዣ መጻፉ ለምን አስፈለገ?

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። ችሎት የምትከታተሉ ታውቃላችሁ። የወንጀል ፍርድ ሲነበብ መጨረሻ ላይ «በኤግዚቢትነት የተያዘው እንዲህ ያለ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። መኪና ይመለሳል፤ ሞባይል ይመለሳል፤ ገንዘብ ይመለሳል። ታዲያ ለቶዮታ የሚሠራ ሥልጣን ለአንድ ደብተር የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ፍርድ ዛሬ ተጀምሮ ነገ አያልቅም። ብዙ መዝገብ ደግሞ ፍርድ ላይ ሳይደርስ ይዘጋል። ክስ ካልተመሠረተ «ይመለስ» የሚል የፍርድ መጨረሻ የለም። ወረቀቱ ከመርማሪው መደርደሪያ ወደ ዓቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ወደ አቧራ ይሄዳል። ለታሰረ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አለ። ለታሰረ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ በስሙ የተሰየመ በር አልተሠራለትም። የሚቀረው ሌላ መንገድ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1206 አንድ ባለ ሀብት ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘበት ሰው ሁሉ ማስመለስ ይችላል። ግን ለአንድ ደብተር ክስ መሥርቶ፣ ዳኝነት ከፍሎ፣ ከመንግሥት ጋር የሚሟገት ስንት ጋዜጠኛ አለ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ያደግን ሰዎች ነን።

ሰው አገር እንዴት ሆነ?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1762 ለንደን ውስጥ ጆን ኤንቲክ የተባለ ጸሐፊ ቤት የንጉሡ መልእክተኞች ገቡ። ማዘዣ ይዘው ነበር፤ ማዘዣውን የሰጠው ግን ዳኛ ሳይሆን ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ ነው። አራት ሰዓት ያህል ሣጥን ሰብረው ወረቀቱን አጋዙት። ኤንቲክ ከሰሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን «እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ካለ አሳዩኝ፤ ከሌለ ሥልጣኑም የለም» የሚል መንፈስ ያለው ፍርድ ሰጡ። ለኤንቲክም ሦስት መቶ ፓውንድ ካሣ ተወሰነለት። እሱም እንደኛው የጋዜጣ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከአሜሪካ ነው። ሲልቨርቶርን የሚባሉ አባትና ልጅ የጣውላ ኩባንያ ነበራቸው። አንድ ቀን በማለዳ ታሰሩ። እነሱ ታስረው ሳሉ የመንግሥት ሰዎች ያለ ሥልጣን ቢሯቸው ገብተው ያለውን መዝገብና ወረቀት ሁሉ ጠራረጉት። ፍርድ ቤት «መልሱ» አለ። ተመለሰ። ግን ከመመለሱ በፊት ፎቶ ተነሥቷል፤ ቅጂ ተቀምጧል! ከዚያም ከቅጂው ባገኙት እውቀት አዲስ ክስ አዘጋጁና ዋናውን «በመጥሪያ አቅርቡ» አሏቸው። ልብ በሉ፤ ፊት ለፊት የሰረቁትን በኋላ በር በሕግ ሲጠይቁ! ኩባንያው እምቢ አለ፤ ተቀጣ፤ ልጁም እንዲታሰር ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ገለበጠው። ዳኛ ሆምስ የጻፉት ሐሳብ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በጥፋት የተገኘን ወረቀት መመለስ ብቻውን አይበቃም፣ መንግሥት ከጥፋቱ ባገኘው እውቀትም መጠቀም የለበትም።

ሦስተኛው በቀጥታ የዛሬው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት የሳይንቶሎጂ ሰዎች ከጠበቆቻቸው ጋር ያደረጉትን ንግግር የያዘ ቴፕ በመጥሪያ ጠየቀ። ይግባኙ ሳይታይ ቴፑ ተሰጠ። የይግባኙ ፍርድ ቤት «አንዴ ተሰጥቷል፤ ከእንግዲህ ክርክሩ ዋጋ የለውም» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ድምፅ «አይደለም» አለ። የወጣ ምስጢር ሙሉ በሙሉ ባይታፈስም፣ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲመለሱ ወይም እንዲጠፉ ማዘዝ ይችላል፤ ከፊል ፈውስም ፈውስ ነው አለ።

እኛስ ዘንድ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ወረቀት ግን የዚያን ያህል ግልጽ ቃል አላስቀመጠም። ሰው ተገርፎ የተናገረው ውድቅ ይሆናል፤ ደብተሩ ያለ አግባብ ተወስዶ «የተናገረው» ግን ገና ጥያቄ ነው።

ቅጂው፣ ቅጂው፣ ቅጂው!

በድሮ ጊዜ ቅጂ ድካም ነበረው። ጸሐፊ ቁጭ ብሎ በእጁ መገልበጥ ነበረበት። ከዚያ ፎቶ ኮፒ መጣ። ዛሬ ደግሞ የሰው ሙሉ ሕይወት በጥፍር በምታክል ፍላሽ ላይ በደቂቃ ይገለበጣል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም.ና በማግሥቱ የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰዎች፣ ሲያዙ ቤታቸው ተበርብሮ ነበር። የጽሑፍና የኮምፒውተር ማስረጃ ክሱ ውስጥ ገባ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተቋርጦ ተፈቱ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ በአንዱ ላይ ብቻ ሌላ ክስ ቀረበት። ሰዎቹ ነፃ ተባሉ እንበል። ከኮምፒውተራቸው የተነበበው ደብዳቤስ? የጓደኞቻቸው ስምስ? እሱን ነፃ የሚል ችሎት የትኛው ነው?

ቅርብ ጊዜ የሆነውንም እናስታውስ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ፖሊስ የአዲስ ስታንዳርድን ቢሮ ፈትሾ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ወስዷል። አንድ የዜና ክፍል ኮምፒውተር ማለት የዘጋቢው ብቻ ሳይሆን የነገረው ሰው፣ የጻፈለት ሰው፣ «ስሜን አትጥቀስ» ያለው ሰው ሁሉ ደብተር ነው። ዕቃው ቢመለስ የእነዚያ ሰዎች ስም አብሮ ይመለሳል ወይ? «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይባላል፤ ከፍላሽ የወጣማ የት ተይዞ!

የካዛንቺሷ እናት

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር ላውራችሁ፤ ሁሉ ነገር ጨለማ አይደለምና።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት አሕጽሮት ነው። ጣሊያን «ካዜ ኢንቺስ» አለ፤ እኛ «ካዛንቺስ» አልን። ከደብዳቤ ራስጌ ላይ የወረደ የወረቀት ስም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አሮጌው ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ፣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሲበተን፣ ቤቱ ሄደ፤ በሰው እጅ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። በዚያን ሰሞን «ካርታ አለህ? ውል አለህ? ዋናውን አምጣ!» የማይባል ሰው አልነበረም።

አንዲት የማውቃቸው እናት የቤታቸው ሰነድ ዋናው በእጃቸው አልነበረም። ከዓመታት በፊት በውርስ ክርክር ጊዜ ለችሎት አቅርበውት መዝገብ ውስጥ ቀርቷል። መዝገቡ ተዘግቷል። እሳቸው ደግሞ የመዝገቡን ቁጥር በአንዲት የቡና ማስታወቂያ ካርድ ጀርባ ላይ ጽፈው፣ ካርዷን በጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አስቀምጠዋት ኖረዋል። ያቺን ይዘው ሄዱ። የአንድ ገጽ ማመልከቻ አስጻፉ፤ ቅጂው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ መዝገቡ ውስጥ ይቅር፣ ዋናው ይሰጠኝ አሉ። ችሎቱ አዘዘ። በሦስተኛው ቀጠሮ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ።

ይኸው! ፍርድ ቤት ማስመለስ ይችላል። እማማን ያሸነፈላቸው ጠበቃ አይደለም፤ ያቺ ቁጥር ናት። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ያልያዝኩትን እሳቸው ይዘዋል።

ለመርማሪውም ሐቅ እንስጠው

ሚዛን ይኑረን። ማንኛውም ወረቀት ወዲያው ይመለስ አልልም። ሐሰተኛ ካርታ ሠርቶ የሰው ቤት የሸጠ ሰው «ወረቀቴን መልሱልኝ» ቢል እኔው ራሴ እቃወመዋለሁ። የተጭበረበረ ሰነድ ዋናው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ቀለሙና ማኅተሙ መመርመር አለበት። ተበዳይም መብት አለው። መርማሪውም ቢሆን ዝርዝር ቢጽፍ የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ነገ «ገንዘብ ወስዶብኛል» የሚል ቢመጣ መልስ ይኖረዋል። ዝርዝር ሐቀኛውን ፖሊስ ከሐሜት ያድናል። የሚጎዳው ሌላውን ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከብርበራ በፊት ማዘዣውን አንብቡ። ማንበብ አመፅ አይደለም። የሚፈለገው ነገር ምን ተብሎ እንደተጻፈ በቃላችሁ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ዝርዝር ጠይቁ፤ እንቢ ከተባላችሁ እናንተው ጻፉ። የዚያኑ ዕለት፣ ሳይረሳ፣ ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ። ጎረቤት ካለ ይፈርም።

ሦስተኛ፣ የታሰረ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በጊዜ ቀጠሮው ላይ ሁላችንም የምንናገረው ስለ ዋስትና ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምር፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከማዘዣው ውጭ የተወሰደብኝ ሰነድ አለ፤ በመዝገብ ይያዝልኝ፤ ይመለስልኝ።» ዳኛው ባያዝ እንኳ ቃሉ መዝገብ ውስጥ ይገባል። በመዝገብ ያለ ነገር ይግባኝ ይወጣዋል፤ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ በሕግ ተደንግጓል። አንድ ደብተር ሰበር ድረስ ቢሄድ ስንት ደብተር ባዳነ!

አራተኛ፣ «ይመለስልኝ» ስትሉ «ከነቅጂው» በሉ። የተቀዳው እንዲመለስ ወይም እንዲጠፋ፣ መጥፋቱም በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ጠይቁ። ሕጉን የሚጽፉ ሰዎችም ቢሆኑ ይህቺን ቃል በግልጽ ያስገቧት። ያለ እሷ መመለስ ማለት ቅርፊቱን ለባለቤቱ፣ ፍሬውን ለወሳጁ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለጋዜጠኞች ነው። ስም በደብተር አንጻፍ። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው እንጀራ ነው።

ደብተሩ ሲመለስ

ከሰባት ወር በኋላ ተጠርቼ ሄድኩ። ክስ አልተመሠረተብኝም። ሁለት ደብተር፣ ፎቶዎቹና ዲፕሎማዬ ተመለሱልኝ። አንደኛው ደብተር «የለም» ተባለ፤ ዝርዝር ስለሌለኝ አልተከራከርኩም። ሁለተኛውን ደብተር፣ ያ ስም ያለበትን፣ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ገጾቹ ከእጄ ላይ ተበተኑ። ስፌቱ ተፈትቷል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ዘርግቶ ለመገልበጥ ስፌቱን መፍታት ያስፈልጋላ!

ሰውየው ግን ያን ሁሉ ጊዜ አልጠበቀም። እኔ በተያዝኩ በሳምንቱ አለቃው ጠርቶ ስለ ቡናችን ጠይቆታል። በወሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ አየሁት። ሰላም ልለው ጠጋ ስል ፊቱን አዙሮ ታክሲ ውስጥ ገባ። አልፈርድበትም። ለእሱ የሚመለስለት ወረቀት የለውም፤ አቤት የሚልበት መዝገብም የለውም። የተወሰደው የእኔ ደብተር ነው፤ የተወረሰው ግን እሱ ነው።

የልጅቱም ደብተር ተመልሷል። ምንም አልጎደለበትም። ስሰጣት አየችውና «አሁንማ ስምንተኛ ክፍል ነኝ እኮ» አለችኝ።